የተበሳው ጎማና ያልወጣው እሾህ

በአገራችን ሰው ለመንገድ ሲነሣ ስንቁንና በትሩን ይዞ ይወጣ ነበር። ዛሬ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው ደግሞ ከስንቁ ሌላ የጎማ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የላስቲክ ቁራጭና ጎማ መፈልቀቂያ ብረት መያዝ ግድ ሆኖበታል። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ የያዘ መንገደኛ መንገዱን ያለ እንቅፋት ይፈጽማል ማለት አይደለም። እኔ መሣሪያው ሳይጐድልብኝ፣ አሠራሩንም እያወቅሁ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በመንገድ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝና የደረሰብኝን ለውድ አንባብያን ላጫውት እወዳለሁ።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ጥር 21 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበር። በዚያን ጊዜ በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር፣ በአረርቲ ከተማ አስተምር ነበር። ምንጃርን የሚያውቅ ሰው ነጭ ጤፉን፣ የሸንኮራ ዮሐንስን ጠበል፣ በጥምቀትም 44 ታቦታት በአንድነት የሚያድሩበትን ኢራንቡቲን ያስታውሳል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰኝ ግራሩ ነው። በቈላው ወገን መንገዱ ግራ ቀኙ ግራር ነው። ገበሬውም አዝመራውን ሰብስቦ ሲያበቃ ቅርንጫፉን እየቈረጠ ግቢውንና የከብቱን በረት ያጥርበታል። ቅርንጫፉ በመንገድ ላይ እየተጐተተ ሲያልፍ እሾሁ እየተንጠባጠበ ይቀራል። እግረኛ ዐይቶ ይሻገረዋል፤ ጎማ ግን ዓይን የለውም።

የምሄደው ወደ እናቴ ቤት ነበር። እናቴ አስተርእዮ ማርያምን ስትዘክር ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ። በዚያ ዓመት ግን አስቀድማ በገበያተኛ እጅ ብርቱ መልእክት ሰደደችብኝ፤ «ሁለታችሁም ከማዕዴ ካልቀመሳችሁ ዝክሬ ዝክር አይሆንልኝም» የሚል ነበር። ሁለታችሁ ያለችው እኔንና ታላቅ ወንድሜን ነው።

አባታችን ያረፈው በ2005 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ወንድሜ ከእርሱ ጋር እያረሰ በገጠር የቀረ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት የሕመም ዓመታትም እያነሣና እያስተኛ፣ እያጠበና እያጐረሰ ያስታመመው ሰው ነው። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሬ ድቁና ተቀበልሁ፤ በኋላም በዘመናዊው ትምህርት ገፍቼ መምህር ሆንሁና በከተማ ቀረሁ። በአባታችን በአርባው ዕለት፣ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ፣ ስለ ባሕር ዛፉ ጥቂት ንግግር ተነሣ። ባሕር ዛፉ ቢሸጥ ያን ያህል የሚያወጣ አልነበረም፤ እኔም አልተቸገርሁበትም። ይሁን እንጂ ንግግሩ ከረረና፣ ሰው እንደ ተሰበሰበ፣ ከአፌ አንድ ቃል አመለጠኝ። «አንተ አባታችንን የጦርኸው ለመሬቱ ብለህ ነው» አልሁት። ወንድሜ አልመለሰልኝም። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሥቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌዎች በመካከላችን ተቀመጡ። ባሕር ዛፉ አንድ ባንድ ተቈጥሮ እኩል ተከፈለ። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን አላጓደሉም፤ በመጨረሻ ላይ «ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ብለው ጠይቀዋል። «የለም» ብዬ የመለስሁ እኔ ነኝ። ወንድሜም ዝም አለ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፤ ጉልበቱን ስሜ ተነሣሁ፤ ታረቁ ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወንድሜ «አንተ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ይለኝ ጀመር። በሕፃንነቴ ከብት ሲጠብቅ በጀርባው አዝሎኝ የዋለው ወንድሜ፣ በመንገድ ሲያገኘኝ «መምህር፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎኝ ያልፋል። ሰው ሁሉ ነገሩን ለትምህርቴ የተሰጠ አክብሮት አድርጎ ተመለከተው። እኔም እንደዚያው ልቈጥረው ሞከርሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። አንድ ጊዜ ስለ በግ ዋጋ፣ አንድ ጊዜ ስለ አጥር፣ አንድ ጊዜም ስለ እናታችን የመድኃኒት ገንዘብ ተጋጨን። በተጋጨን ቍጥር አንድ ጊዜ ጎረቤት፣ አንድ ጊዜ የንስሐ አባታችን ገብተው ያስታርቁናል። ጥቂት ወር እንሄድና ደግሞ እናነክሳለን።

እንግዲህ በዚያ በዓል ቀን ቅዳሴ እንደ ተፈጸመ ነጠላዬን አደግድጌ በሞተር ብስክሌቴ ተነሣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዝሁ የሞተሩ ኋላ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ይወላወል ጀመር። የኋላ ጎማ አየር ሲያልቅበት ምልክቱ ይህ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ፍሬን በድንገት መያዝ ሰውን ይጥለዋል፤ የነዳጁን መስጫ ቀስ አድርጎ መልቀቅና መሪውን አጽንቶ ይዞ ፍጥነቱ በራሱ እስኪበርድ መታገሥ ይገባል። ይህን ስለማውቅ ሳልወድቅ ከመንገዱ ዳር ቆምሁ።

የእኔ ሞተር ጎማ እንደ አብዛኞቹ ሁለት ክፍል ነበረው። ከውጭ ያለው ወፍራሙ ጎማ መንገዱን የሚረግጠውና ድንጋዩን የሚችለው ነው፤ አየሩን የያዘው ግን በውስጡ ያለው ስሱ ከመነዳሪ ነው። ብሎኑን በቺያቬ ፈትቼ፣ ካቴናውን አውልቄ፣ እግሩን አወጣሁ። ጎማውን ከቸርኬው ላይ በብረት ፈልቅቄ ከመነዳሪውን ሳብሁትና ነፋሁት። የተበሳውን ስፍራ ለማግኘት ወደ ጕንጭ አስጠግቶ ማዳመጥ ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ይሰማል። በተጠረጠረው ስፍራ ላይ ምራቅ ቢቀቡት አረፋ እያወጣ ራሱን ይገልጣል። እኔም እንዲሁ አገኘሁት፤ በመርፌ የተወጋ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ዙሪያዋን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁና ማስቲሹን ቀባሁት።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስቲሹ ሳይጠነፍፍ ልጥፉን በመጫን ነው። ሲነኩት በጣት ላይ የማይቀር እስኪሆን ድረስ መታገሥ ያሻል። እኔም ይህን አውቅ ነበርና ከግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ለተማሪዎቼ የምነግራቸውን ታሪክ አስታወስሁ። በአየር የሚነፋ ጎማን በመጀመሪያ አስቦ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሮበርት ቶምሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ነው። ሐሳቡ ግን ለብዙ ዘመን ተረሳ። ከአርባ ዓመት በኋላ በአየርላንድ፣ በቤልፋስት ከተማ የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም፣ ልጁ በሦስት እግር ብስክሌቱ በሻካራ መንገድ ሲሄድ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ለእግሮቹ አየር የተነፋበት ላስቲክ አበጀለት፤ በ1888ም መብቱን በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ለሚሽከረከረው የአየር ጎማ መስፋፋት አንዱ ምክንያት የአንድ አባት ለልጁ ማዘን ነው። ከዚያ በፊት የብስክሌት ጎማ ድፍን ላስቲክ ነበር። ድፍን ጎማ እሾህ አይበሳውም፤ የተቀመጠበትን ሰው ግን አጥንቱን ያንገጫግጨዋል። ሰውን ከድንጋዩ የሚያሳርፈው ያው በቀላሉ የሚበሳው ለስላሳው ነው። መንገደኛና ባዕድ ክፉ ቃል ቢናገረን እንረሳዋለን፤ የወንድም ቃል ግን ዘልቆ የሚገባው በወንድማማች መካከል እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ስላለ ይመስለኛል።

ይህን ስፈላሰፍ ማስቲሹ ጠንፍፎ ኖሮ ልጥፉን አጥብቄ ጫንሁት። ፀሐይዋም ዘቅዘቅ ማለት ጀምራ ነበርና እናቴ ደጅ ደጁን ስታይ ታየችኝ። እየቸኰልሁ ከመነዳሪውን መልሼ ከተትሁት፤ ጎማውን ነፋሁና ተነሣሁ። ጥሩ አድርጌ ስለ ለጠፍሁ ራሴን ሳመሰግን ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሄድሁ የሞተሩ ኋላ እንደገና ይወላወል ጀመር።

በዚህ ጊዜ የተሰማኝን ንዴት በበዓል ቀን ላወራው አይገባም። የላስቲኩን ቁራጭ፣ ማስቲሹን፣ የሸጠልኝንም ባለሱቅ ሁሉንም ወቀስሁ። ሞተሩን እየገፋሁ፣ ላቤ ነጠላዬን እያራሰው፣ ወደ አንድ መገንጠያ ደረስሁ። በዚያም ከመንገዱ ዳር አሮጌ ጎማ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ አየሁ፤ የጎሚስታ ምልክት ነው። በላስቲክ ዳስ ሥር ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል። በበዓል ቀን መሥራቱን ልነቅፍበት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ ዳሩ ግን በዚያ ሰዓት እርሱን ሳይ ደስ አለኝ። ልጁም እንደ ማፈር ብሎ «የቆመ መንገደኛ ዝም ብሎ አይታለፍም ብዬ ነው» አለኝ።

ጎማውን ፈትቶ ከመነዳሪውን ካወጣ በኋላ የእኔን ልጥፍ በጣቱ ዳሰሰው።

«ጋሼ፣ ልጥፉስ ጥሩ ነው። እሾሁን ግን አውጥተውታል?» አለኝ።

«እሾህ የለበትም፤ ከውጭ በደንብ ተመልክቻለሁ» አልሁት።

«ከውጭማ አይታይም» ብሎ ሣቀ። ቀጥሎም ከመነዳሪውን በጎማው ላይ ዘረጋና የአየር ማስገቢያዋን ከነበረችበት ስፍራ ጋር አጋጠማት። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ልጥፍ ጥግ፣ ከአንድ ጣት ስፋት በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር። «ይኸው፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው። የወጋዎት አንድ እሾህ ነው። ጨርቅ ይስጡኝ፤ በእጅ ከዳሰሱት ይወጋል።»

ጨርቅ አልነበረኝም። የነጠላዬን ጫፍ ሰጠሁት። «ነጭ ነው እኮ፣ ይቈሽሻል» ብሎ አመነታ። «ግድ የለም» አልሁት። የነጠላውን ጫፍ ጠቅልሎ ከጎማው ውስጥ ከከተተ በኋላ ዙሪያውን በዝግታ ይጠርገው ጀመር። ባሰበው ስፍራ ላይ ሲደርስ ነጠላው ተያዘ። ክሩን የያዘው ነገር ለዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ ነበር። ልጁ ጎማውን በሁለት እጁ ሲያጐብጠው ግን ጥቍር የእሾህ ጫፍ ብቅ አለ፤ ሲለቀው ተመልሶ ተሰወረ።

«አዩት?» አለኝ። «ሰው ሲቀመጥበት ይወጣል፤ ሲነሣ ይደበቃል። ለዚህ ነው ቆሞ ሲያዩት የሌለ የሚመስለው።»

በፒንሳ ነቅሎ በመዳፌ ላይ አኖረልኝ። ርዝመቱ ከጥፍር አይበልጥም። እኔ ለመምህርነት የበቃሁ፣ ስለ አየር ግፊት በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ የማስተምር ሰው፣ ይህ ልጅ የሚያውቀውን አላውቅም ነበር። ቀዳዳውን ለጥፎ፣ ጎማውን ገጥሞና ነፍቶ ሲያበቃ ዋጋውን ከፈልሁት። እሾሁንም ሴቶች ገንዘብ እንደሚቋጥሩ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደ ጨረስሁት አላስታውስም፤ ዐሳቤ ሁሉ በልጁ ቃል ላይ ነበርና። በግ፣ አጥር፣ የመድኃኒት ገንዘብ እያልሁ የቈጠርኋቸው ጠቦች ሁሉ ለካ አንድ ስፍራ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ናቸው። ባሕር ዛፉን ተካፈልን፤ ቃሉን ግን ማን አወጣው? ሽማግሌዎቹ «ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ብለው ጨርቃቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ነበር፤ እኔ «የለም» ብዬ መለስሁት። በንስሐ አባቴም ፊት ቀርቤ «ወንድሜን አስቀይሜአለሁ» ብያለሁ እንጂ ምን ብዬ እንዳስቀየምሁት አልተናገርሁም። ወንጌል መባ ከማቅረብ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን እንደሚያዝ በልጅነቴ ያነበብሁ፣ ለሌላውም ያስተማርሁ ሰው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በልጥፍ ላይ ልጥፍ እየጨመርሁ ኖርሁ።

ከእናቴ ቤት ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ካህኑ ጸበል ጸዲቁን ባርከው ሄደዋል፤ እንግዳውም ተበትኖ ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ቀርተዋል። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ወንድሜ ከበሩ አጠገብ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «መምህር፣ ደኅና ገቡ?» አለኝ።

ጎረቤቶቹ እስኪሄዱ ልታገሥ ብዬ ዐሰብሁ። ነገር ግን ቃሉን የተናገርሁት በሰው ፊት ነበርና በስውር ልመልሰው አልተገባኝም። ባለሁበት ቆሜ እንዲህ አልሁት፤ «ወንድም ጋሼ፣ በአባታችን በአርባው ዕለት የተናገርሁት ቃል ሐሰት ነው። አባታችንን የጦርኸው ልጁ ስለ ሆንህ ነው። እኔም ልጁ ሆኜ ሳልጦረው ስለ ቀረሁ ዐፈርሁ፤ ኀፍረቴንም በአንተ ላይ ጣልሁት።»

ይህን ስናገር ከአፌ የወጣው ሁሉ አስቀድሜ ያሰናዳሁት አልነበረም። የመጨረሻውን ነገር እኔም ራሴ ያወቅሁት በተናገርሁት ጊዜ ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። ወንድሜ ለረዥም ጊዜ እጆቼን ሲመለከት ቈየ። እጆቼ በካቴናው ዘይትና በጎማው ጥላሸት ጠቍረው ነበር።

«አንተ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «በዚህ እጅህ ነው እንጀራ ልትቈርስ?»

ከዓመታት በኋላ «አንተ» ሲለኝ የዚያን ቀን ሰማሁ። ታናሽ ለታላቁ እጅ ማስታጠብ የአገራችን ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ ወንድሜ ራሱ ኵስኵስቱን አንሥቶ ውኃ ያፈስስልኝ ጀመር። ዘይቱ በውኃ ብቻ አልለቅ ሲለው «አመድ አምጡ» ብሎ አዘዘ። አመዱን በእጄ ላይ አድርጎ፣ በልጅነቴ ከወንዝ ዳር እንደሚያጥበኝ፣ ጣት ጣቴን እያሸ አጠበኝ። ስለ ተናገርሁት ነገር አንድም ቃል አልመለሰልኝም። እናቴም ከዚህ በኋላ መሶቡን አቀረበችና ከሁለታችን መካከል ተቀምጣ በላች።

ከዚያ ወዲህ ሳንጋጭ ኖርን ብዬ አንባቢን አላታልልም። ወንድማማቾች ነንና በብዙ ነገር ሐሳባችን አይገጥምም። ነገር ግን ስንጋጭ የምንጋጨው ስለ ተነሣው ነገር ብቻ ነው፤ ያ አሮጌው ስፍራ አይደማም። እናታችን በ2011 ዓ.ም. ስታርፍ የአስከሬኗን አልጋ ጎን ለጎን ሆነን ተሸከምን። የተረፈችውን ጥቂት ዕቃ ስናስብም ማን ምን ይውሰድ የሚል ንግግር በመካከላችን አልተነሣም። ያን ቀን እሾሁ ባይወጣ ኖሮ ያን ቀብር እንዴት እንደምንቀብር ሳስበው ይጨንቀኛል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ጎማ ሲበሳባችሁ ለመለጠፍ አትቸኵሉ። ቀዳዳውን ባገኛችሁ ጊዜ ከመነዳሪውን በጎማው ላይ ዘርግታችሁ እሾሁ የት እንዳለ ፈልጉ፤ ውስጡንም በጨርቅ ጥረጉ። በትዳርም ቢሆን፣ በወላጅና በልጅ መካከልም ቢሆን፣ ጠብ በተደጋገመ ጊዜ ልማዱ ያው ነው። ምክንያቱ ዛሬ ወጥ ነገም ገንዘብ ቢመስል፣ ቀዳዳዎቹ አንድ ስፍራ ላይ መሆናቸውን መመልከት ይገባል። እሾሁ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ቤቱ ሰላም ሲሆን ይሰወራል፤ ኀዘን ወይም ችግር ሲጫነው ግን ብቅ ይላል። አስታራቂ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት «የቀረ ነገር አለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ «አለ» ለማለት ድፍረት ይስጠን።

ያ እሾህ ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ በክብሪት ቤት ተቀምጧል። ነጠላዬም ብዙ ጊዜ ታጥቧል፤ የጎማው ጥላሸት ግን ከጫፉ ላይ ፈጽሞ አልለቀቀም። ባለቤቴ ሌላ ልትገዛልኝ ብትፈልግም ለአስተርእዮ ማርያም የምለብሰው እርሱኑ ነው።